ጋቢዬን የጠቀለለው የጓሮ ሮቦት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ባረፈ ቁጥር እጄ ሳላዘው ሄዶ ጉሮሮዬን ይዳብሳል።

ወረታ ውስጥ ዕድሜዬን የጨረስኩት የውሃ ሞተር ስጠግን ነው። ጡረታ ብወጣም እጄ አርፎ መቀመጥ አልለመደም። አስተማሪዋ ልጄ ስንዱ ከኢንተርኔት የሮቦት ንድፍ አወረደችልኝ። በሁለት ሐዲድ ላይ እየተመላለሰ የጓሮ አትክልት የሚያጠጣና አረም የሚነቅል ነው። ሠሪዎቹ ንድፉን ለሁሉ ክፍት አድርገውታል፤ የፈለገ ወስዶ ቤቱ ይሠራል፣ ያሻሽላል።

ችግሩ ዕቃው ነው። ንድፉ የሚጠይቀው ወረታ አይገኝም። ስለዚህ ሐዲዱን ከአሮጌ የአልጋ ብረት ሠራሁ። ንድፉ ላይ ባለችው ትንሽ ሞተር ፋንታ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር አስገባሁ። ሠራ። ልቤ አበጠ፤ ለሌላውም ይድረስ ብዬ መመሪያውን በአማርኛ አዘጋጀን። ስንዱ ተረጎመች፣ እኔ አሳጠርኩ።

ሳሳጥር አንድ ገጽ ሰረዝኩ። «የሚንዘላዘል ልብስ አትልበሱ፤ ኃይሉን ባንዴ የሚያቋርጥ ቁልፍ አጠገባችሁ ይኑር» የሚል ነበር።

«አባየ፣ ይኸስ ባይቀር» አለች ስንዱ።

«ሰው አታስደንብሪ። የቃሪያ ሎሌ እንጂ አንበሳ አይደለም» አልኳት።

አንድ ጠዋት ብርድ ስለነበር ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ውሃው የቃሪያው ሥር ድረስ መግባቱን ለማየት መደቡ ላይ ጎንበስ አልኩ። የጋቢው ጫፍ በሚሽከረከረው የሮቦቱ ዘንግ ተያዘ። ሞተሩ መጠቅለል ጀመረ፤ ጋቢው አንገቴ ላይ ጠበቀ። ልጮህ ስል ድምፅ የለኝም። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ነው፤ እኔ መደቡ ላይ። በመካከላችን አሥር እርምጃ አለ። ያኔ ትዝ ያለኝ ሚስቴም ልጄም አይደሉም፤ ያ የሰረዝኩት ገጽ ነው።

ከይፋግ የቃሪያ ችግኝ ልትገዛ የመጣች ሴት በሩን ገፍታ ገባች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ምንም ሳትጠይቅ የኤሌክትሪክ ገመዱን ተከትላ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች። መደቡ ዳር የተኛውን ማጭዴን አንስታም ጋቢውን ቀደደችው።

«አባቴ፣ ይኸ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ሎሌዬ ነው» አልኩ ትንፋሼ ሲመለስ።

«ሎሌዎት ጌታ መሆን አምሮታል።»

ልስቅ አፌን ስከፍት እውነተኛው ድንጋጤ መጣ። ያን መመሪያ ለነፍስ አባቴ ለቄስ ይርጋ ሰጥቻቸዋለሁ። የሚኖሩት ከወረታ ወጣ ብሎ ቁሐር ሚካኤል ነው። ሠርተው ማጠጣት መጀመራቸውን ሰምቻለሁ። ክረምት ከበጋ ደግሞ ጋቢ ከትከሻቸው አይወርድም።

ደወልኩ፤ አያነሱም። ደገምኩ፤ አያነሱም። ሴትዮዋን ትቼ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው፦ እሳቸውን ገድዬ ከሆነ ለማን ልናዘዝ ነው?

ስደርስ ሮቦቱ ቆሟል። ጋቢያቸው አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እሳቸው የሉም። መሬት ላይ ዘጭ አልኩ።

«አያ ካሴ፣ ምን ሆነህ አፈር ላይ ተቀመጥህ?» አሉ፣ እግራቸው ጭቃ እንደሆነ ከቤቱ ጀርባ ብቅ ብለው።

ቀና ስል ከቆዳ የተገመደ አንድ ረጅም የበሬ ጠፍር አየሁ። ከሮቦቱ የፀሐይ ባትሪ መሰኪያ ላይ ታስሮ መደቡን ዙሪያውን ይዞራል። ከየትም ሆነው ቢስቡት መሰኪያው ይነቀላል።

«ይኸ መመሪያው ላይ የለም እኮ» አልኩ።

«የለም። ረስተኸው ነው ብዬ እኔው ጨመርኩ። ገመድ የሌለው ጉልበተኛ ግቢዬ አይውልም።»

«ጋቢውስ?»

«በሬ ስጠምድ ጋቢ ለብሼ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

«አልረሳሁትም አባቴ። ሰርዤው ነው» አልኳቸው።

አልተቆጡም። አንገቴ ላይ የቀላውን ሰንበር አዩና በመስቀላቸው ዳበሱት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን የሰረዝኩት ገጽ የመመሪያው መጀመሪያ ላይ ነው፤ የቄሱ ጠፍር ሥዕልም ከሥሩ አለ። ስንዱ ጠፍሩን ለንድፉ ባለቤቶችም ልካላቸዋለች። መመሪያ ሊወስድ የሚመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የተቀደደውን ጋቢ በእጁ አስይዘዋለሁ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ያቺን የይፋግ ሴት ግን በጥድፊያዬ ስሟን እንኳ አልጠየቅሁም። ችግኟንም ሳትወስድ ቀረች። ተመልሳ ትመጣ ይሆናል ብዬ አምስት እግር ቃሪያ ለየሁላት። አፍርተዋል። እነሱን ሮቦቱ አያጠጣቸውም፤ በጣሳ እየቀዳሁ የማጠጣቸው እኔው ነኝ።