ቀንና ወሩ የተገለበጠው ቀጠሮ

በዓይን ክሊኒካችን ኮምፒውተሮቹን የምትይዘውን ሴት ፊት ለፊት "እትዬ"፣ ዞር ስትል ግን "ችኮ" እንላታለን። ስለ ሙያዋ ብዙ አላውቅም፤ የምጽፈው ከእንግዳ መቀበያው ወንበሬ ላይ ሆኜ ያየሁትን ብቻ ነው።

አንድ ማለዳ አንድ አዛውንት ልጃቸውን ተደግፈው ለቀዶ ጥገና መጡ። ስክሪኑ ላይ ግን ቀጠሯቸው አልፎ ተሰርዟል።

"አባቴ፣ ቀንዎ አልፏል" አልኳቸው።

"የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መች ታመመ! በሰባተኛው ወር፣ በአምስተኛው ቀን ያልከኝ አንተው ነህ።"

እውነታቸውን ነበር። ቀኑም ያው ዛሬ ነው። ችኮን ጠራኋት።

ቆማ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። "እናንተ ቀኑን አስቀድማችሁ ትጽፋላችሁ፤ የመረጃ ቋቱ ወሩን አስቀድሞ ያነባል። አምስተኛው ወር፣ ሰባተኛው ቀን አድርጎባቸዋል።"

"እስከ ዛሬ እንዴት ሳይታወቅ?"

"ቀኑ ከአሥራ ሦስት ሲበልጥ ወር ሊሆን ስለማይችል በትክክል ይገባል። እኔ ሞኟ የሞከርኩት በወር መጨረሻ ነበር።"

ሥራ አስኪያጁ ጫጫታውን ሰምቶ መጣ። "ሁሉንም ገልብጪውና እንገላገል!"

"አይሆንም ጋሼ። በስልክ ቀጠሮ የሚይዘው ክፍል ማሽን ወሩን ስለሚያስቀድም በዚያ የተመዘገቡት ትክክል ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ ተደባልቀዋል። የወደቀውን አነሳ ብዬ የቆመውን ልጣል?"

"ታዲያ የቱ እንደተገለበጠ በምን ትለዪዋለሽ?"

"በሽተኞቹን እጠይቃለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ዓይናቸው ነው እኮ።"

አስቀድማ የሽማግሌውን ጉዳይ ይዛ፣ እኔን አስከትላ፣ ቀዶ ጥገናውን ወደምታደርገው ሐኪም ገባች። ሐኪሟም "ቀኑ ዛሬ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?" ብላ ጠየቀች። ሰው ፊት መናገር ባይሆንልኝም እጄን አወጣሁ። ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ፣ ከሁሉም መጨረሻ እንዲገቡ ተፈቀደ።

ከዚያ ችኮ ፕሮግራሙና ቋቱ ሁልጊዜ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለው በአንድ ቅደም ተከተል እንዲነጋገሩ አደረገች። በወሩ መጀመሪያ ቀኖች ደጋግማ ፈተነችው። ሲስተካከል ወንበር ስባ ስልኬን ያዘች።

"እናቴ፣ ከዓይን ክሊኒክ ነው። ቀጠሮዎ መቼ ነው የተባሉት?"

"ቀጥራችሁኝ ስታበቁ እኔን ትጠይቂኛለሽ?" የሚለው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ።

"የሳትነው እኛ ነን፣ እናቴ። ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ሲገቡ፣ ስትደውል የዋለችው የችኮ ድምፅ ሰልሎ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸውና የሚቀጥለውን ቁጥር መታች።