በምሳ ገበታ የተያዘ ስም

ኤልዶሬት ውስጥ ሲልቫነስ ዋንጃላን የማያውቅ ነጋዴ ጥቂት ነው። ቡንጎማ ተወልዶ፣ ኤልዶሬት አግብቶ የከበደ ሰው ነው። ድሮ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ጠመኔውን ጥሎ ወደ ኮምፒውተር ሥራ ሲገባ ሚስቱ ሮዝሊን፣ "ደመወዙን ትቶ የሚሄድ ጤነኛ ሰው አለ?" ብላ አኩርፋው ሰንብታ ነው ያነጋገረችው። እሱ ግን ቀናው። ናይሮቢ ያለ አንድ ኩባንያ የቁጠባ ማኅበራትና ትምህርት ቤቶች ሒሳባቸውን የሚይዙበትን ፕሮግራም ይሠራል፤ እነ ዋንጃላ ደግሞ በየአውራጃው እየዞሩ ይሸጡታል፣ ይተክሉታል፣ ሲበላሽም ይጠግኑታል። ኩባንያው "አጋሮቼ" ይላቸዋል። ሲያሞግሳቸውም አጋሮቼ ነው፣ ሲቆጣቸውም አጋሮቼ ነው።

ደንበኞቹ "ዋንጃላ አለ ካለ አለ ነው" ይሉታል። የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ የሚይዘውም እሱ ነው፤ አንድም ቀን ጎደለ ተብሎ አያውቅም። እንግዲህ አሁን የማወራችሁን ነገር የሠራው ይሄ ሰው ነው። ሌባ ሆኖ የኖረ ቢሠራው ኖሮ ማን ጉድ ብሎ ያወራው ነበር?

በዚህ ሥራ ትልቁ ነገር ስም ማስያዝ ነው። አጋሩ ደንበኛ ሲያገኝ የደንበኛውን ስም በኩባንያው ድረ ገጽ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ሌላ አጋር እዚያ ደጅ ዝር አይልም፤ ኩባንያው በዋጋው ላይ የሚያደርገው ቅናሽም የሚሰጠው ላስያዘው ብቻ ነው። ግን ስሙ ተይዞ የሚቆየው ግማሽ ዓመት ነው። ደንበኛው እስከዚያ ካልፈረመ፣ ወይም ያስያዘው ሰው በቃኝ ብሎ ከለቀቀው፣ ስሙ ለማንም የማይከፈት ሆኖ ሌላ ግማሽ ዓመት ይዘጋል። ስለዚህ ብልህ አጋር ደንበኛው አፉን ሞልቶ እሺ ሳይለው አያስይዝም። እሺ እስኪባል ድረስ ደንበኛውን ከሌላ አጋር የሚጠብቀው የኩባንያው ሕግ ሳይሆን የእርስ በርስ ይሉኝታ ነው። ትንንሾቹ አጋሮች ራሳቸው ያወጡት፣ የትም ያልተጻፈ ደንብ አላቸው፤ ገበታ ላይ የተሰማ የደንበኛ ስም አይነካም። በየዓመቱ ስብሰባ አንድ ጠረጴዛ ከብበው ሲበሉ የልባቸውን የሚያወሩት በዚህ ደንብ ተማምነው ነው።

ዘንድሮ ስብሰባው ሞምባሳ፣ ከባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ነበር። ዋንጃላ የሄደው ጭንቀት ይዞ ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ከድተውት ዓመቱ ባዶ ሆኖበታል። ስብሰባው ሳይዘጋ አንድ ስም ካላስያዘ ኩባንያው ለአጋሮቹ ከሚሰጠው የወርቅ ደረጃ ወደ ነሐስ ይወርዳል። ነሐስ ማለት ይሄ ነው የሚባል ቅናሽ የለም ማለት ነው፤ ቅናሽ ከሌለ ደግሞ ሁለቱን ሠራተኞቹን ማሰናበቱ ነው። አንዷ የሮዝሊን የእህት ልጅ ናት። እሷን አሰናብቶ በየትኛው ፊቱ ቤት ይገባል?

ምሳ ላይ አጠገቡ የተቀመጠችው ቴክላ ጄሮቲች ነበረች። ቴክላ ከኬሪቾ ናት፤ ሠራተኛ የላትም፣ ብቻዋን በአሮጌ መኪናዋ እየዞረች ትሠራለች። ሮዝሊን ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ኤልዶሬት ድረስ መጥታ የዋንጃላን ደንበኞች ፕሮግራም እየዞረች የጠገነችለት እሷ ናት፤ ለነዳጅ እንኳ አልተቀበለችውም። ዋንጃላ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ቢጫውን የወርቅ ደረጃ ክር ሲያፍተለትል አየችው።

"ተወው እንጂ፣ ሊበጠስ ነው" አለችው።

"አንቺ ምን አለብሽ። ነሐስ ላይ ተቀምጠሻል፣ ወዴት ትወርጃለሽ?"

"እሱስ እውነትህን ነው። መሬት የተኛ ሰው አይወድቅም" ብላ ሳቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደሱ አስጠጋች። "ግን ከነሐስ ልወጣልህ ነው፣ ወንድሜ። የኪፕሳማይ ሻይ ገበሬዎችን ታውቃቸዋለህ?"

"ሊቀመንበሩ እነዚያ ኃይለኛ ሽማግሌ አይደሉም እንዴ? ኮስኬይ?"

"እሳቸው ናቸው። ዓመት ሙሉ ተመላለስኩባቸው። መጀመሪያ ከበር ነው የመለሱኝ፤ አሁን የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ ጠርተውኛል። የፊታችን ሐሙስ ጠቅላላ ጉባኤ አላቸው፤ እዚያ እሺ ሲሉ አስይዛለሁ።" ድምጿ ዝቅ አለ። "አምና የሻያቸውን የትርፍ ክፍያ፣ የዓመቱን ቦነስ፣ በእጅ ጽሑፍ ሲያከፋፍሉ የስንቷ መበለት ስም ጠፋ መሰለህ። ሰልፍ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ዘንድሮ በየስልካቸው ይገባላቸዋል። ይሄን ካየሁ ይበቃኛል።"

"እግዜር ያሳካልሽ" አላት ዋንጃላ። ሲላት ከልቡ ነበር። ይሄ ነው የሰው ልጅ ጉዱ።

ቴክላ ከሩዙ፣ ከፒላው፣ ልትጨምር ሳህኗን ይዛ ተነሳች። ዋንጃላ ስልኩን ከጠረጴዛው በታች አወጣ። ጣቱ በሩዙ ቅባት ወዝቶ ስልኩ አልታዘዝ ስላለው ሱሪው ላይ ጠረገው። "ኋላ እነግራታለሁ፤ ገቢውን እንካፈላለን፤ እሷ ብቻዋን ይሄን ሁሉ ገበሬ መች ትችለዋለች" እያለ ለራሱ ሰበብ ይደረድራል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ስሙን ጻፈ፣ ላከ። ስልኩን ኪሱ ሳይከት ቴክላ ተመለሰች፤ በአንድ እጇ ሳህኗን፣ በሌላው የተቆራረጠ ማንጎ ይዛለች።

"ሊያልቅ ስለሆነ ላንተም ያዝኩልህ" አለችው።

ተቀብሎ በላው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል ሰምታችኋል፤ ይሄ ግን ወጪቱን ከሰበረ በኋላም ነው የበላው።

ከሰዓት በኋላ መዝጊያው ላይ ሁሉም በአዳራሹ ተሰበሰበ። የአጋሮች ኃላፊው ኦሞንዲ መድረክ ሲያገኝ የማይሆነው የለም። "ዘንድሮ አዲስ ነገር አለን" አለ ማይኩን ጨብጦ። "በስብሰባችን ሳሉ ደንበኛ ያስያዙትን ጀግኖች እዚሁ ግድግዳው ላይ እናሳያለን። ለእያንዳንዱ ሞቅ ያለ፣ የኪሎ ጭብጨባ እፈልጋለሁ። ሩብ አይደለም፣ ግማሽም አይደለም፣ ሙሉ ኪሎ።"

ዋንጃላ ይሄን አላወቀም ነበር። ስሞቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። ከዚያ "ሲልቫነስ ዋንጃላ፣ ኤልዶሬት" የሚል ወጣ። ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው ቴክላ ነበረች፤ ተነስታ ነው ያጨበጨበችለት። ቀጥሎ የደንበኛው ስም ከሥሩ ወጣ፤ "የኪፕሳማይ ሻይ ገበሬዎች ማኅበር"። እጆቿ እንደተዘረጉ ቀሩ። ሌላው ሰው ኪሎውን እስኪጨርስ እሷ ግድግዳውን ታያለች። እሱን ዞር ብላ አላየችውም፤ ብታየው ይሻለው ነበር።

ከፊት የተቀመጠው ንጁጉና ዞረ። ንጁጉና ናይሮቢ ትልቅ ቢሮ ያለው፣ የትንንሾቹን ደንበኛ በመንጠቅ የታወቀ ሰው ነው።

"ኪፕሳማይ ኬሪቾ አይደል እንዴ?" አለ ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። "የቴክላ አገር ነው። ሲልቫነስ ከኤልዶሬት ምን ሊያደርግ ሄደ? እኛን ትልልቆቹን ጅቦች ትሉን የለ? የእናንተ ገበታስ እንዴት ነው፣ ሰላም ነው?"

ሰው ሁሉ ወደ ዋንጃላ ዞረ። እሱ ቢጫውን ክር ማፍተልተል ጀመረ።

"እኔ ነኝ የሰጠሁት" አለች ቴክላ።

"አንቺ?" አለ ንጁጉና።

"አዎ፣ እኔ። ብቻዬን አልችለውም፤ እሱ ሠራተኞች አሉት። ችግር አለው?"

ኦሞንዲ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ይለቃል ወይ? "ሰማችሁ? አጋርነት ማለት ይሄ ነው" ብሎ ሁለቱን መድረክ ላይ ጎትቶ አወጣቸው። እጅ ለእጅ አያያዛቸውና እጃቸውን ወደ ላይ ከፍ አደረገው። ፎቶ ተነሱ። የቴክላ እጅ በዋንጃላ እጅ ውስጥ ቀዝቅዞ ነበር። እሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይወድ ነበር፤ የሆቴል መድረክ ደግሞ አይከፈትም። የሚያጨበጭቡለትን ሰዎች ፊት ማየት አቅቶት ጫማውን ሲያይ ቆየ።

ኮሪደሩ ላይ ተከትሏት ሮጠ። "ቴክላ፣ እህቴ፣ ቆይ። አሁኑኑ እለቀዋለሁ።"

"ብትለቀው ይዘጋል። የቦነሱ ጊዜ ያልፋል። መበለቶቹን አንተ ሄደህ ታጽናናቸዋለህ?"

"እንግዲያው ገንዘቡን ሁሉ አንቺ ውሰጂው።"

"ገንዘብ የቀረብኝ መሰለህ?" አለችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ድምጿ ግን አልተሰበረም። "ስትመርቀኝ እኮ አሜን ብያለሁ በልቤ።"

"ታዲያ ለምን ሸሸግሽልኝ?"

"ንጁጉና ፊት ሌባ ብዬ ልጥራህ? ከዚያ ወዲያ ገበታችን ላይ ማን አፉን ይከፍታል? ሂድና ሥራውን ደህና አድርገህ ሥራ። እኔን ግን መንገድ ላይ ብታገኘኝ ሰላም አትበለኝ።"

ራት ላይ ትንንሾቹ አጋሮች እንደ ወትሮው አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ቴክላ አልመጣችም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሞምባሳ ሙቀት፣ ስለ ኳስ ተወራ። የደንበኛ ስም ያነሳ አልነበረም። ዋንጃላም ዓሣውን ሳይነካ ተነሳ፤ "ወዴት ነህ?" ብሎ የጠየቀው የለም።

ቤቱ ሲገባ ሮዝሊን እልል ብላ ተቀበለችው። ፎቶውን ከኩባንያው ገጽ ላይ አግኝታ ለቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ሁሉ ልካዋለች። "ያቺ ቴክላ ምን ያለች የተባረከች ናት፤ እኔ ስታመምም ደረሰችልን፣ አንተንም አከበረችህ" አለችው። "አዎ" ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። እሑድ ካህኑ በስብከት መሃል ስሙን ጠርተው ሲያመሰግኑት አንገቱን ደፋ፤ ምእመኑ ትሕትና መሰለው።

ሐሙስ ወደ ኪፕሳማይ ነዳ። መንገዱን በሙሉ እውነቱን እንዴት እንደሚናገር ሲለማመድ ነው የሄደው። "ስሙን የወሰድኩት ሰርቄ ነው፤ ባለቤቷ ቴክላ ናት" ሊል ነው። መኪናው ውስጥ ደጋግሞ ተናግሮታል፣ ቀሎትም ነበር። ሲደርስ ገበሬዎቹ አዳራሹን ሞልተውታል፤ የፊቱን መቀመጫ የያዙት አሮጊቶች ናቸው። ሽማግሌ ኮስኬይ ተነስተው ጨበጡትና ሰው ሁሉ ፊት ጠየቁት።

"ደህና መጣህ፣ ልጄ። ቴክላን ነበር የጠበቅነው። ምነው ቀረች?"

አሮጊቶቹ ቀና ብለው አዩት። ዋንጃላ ኮምፒውተሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"ሥራ በዝቶባት ነው፣ አባቴ" አለ።

ሽማግሌው እጁን ለቀቁት። ቁጣ አልታየባቸውም፤ የከፋቸው ግን ይመስሉ ነበር።

"ትናንት እዚህ ነበረች" አሉት። "የሆነውን ሁሉ ነግራናለች። 'ሥራውን ያውቃል፣ ተቀበሉት' አለችን። 'ብቻ ለምን ቀረች ብላችሁ ጠይቁት፤ እውነቱን ከነገራችሁ ቴክላ ይቅር ብላሃለች በሉልኝ' ብላ ነው የሄደችው።"

ዋንጃላ አንድ እርምጃ ተጠጋ። "አባቴ፣ እኔ—" ሲል ሽማግሌው ወደ ወንበራቸው ዞረው ነበር።

"በል፣ ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው" አሉት። "ኮምፒውተርህን እዚያ ጠረጴዛ ላይ አድርገው።"