ቁልቁለቱ ላይ የሚሰማው ድምፅ

አባቴ ከደብረ ብርሃን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ጭኖ በጎረቤላ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሲመለስ ማሽላ ይዞ ይወጣል። መኪናው ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ከዋልኩ ወዲህ አብሬው የምጓዘው እኔ ነኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ጋቢና ውስጥ ግን ማንም አያናግረኝም፣ ደስ ይለኛል።

ክረምቱ እንደወጣ ከመኪናው ሥር ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። በቆምንበት ሁሉ ጥቁር ክብ ትተን እንሄዳለን። ጎረቤቶቻችን መምጣታችንን የሚያውቁት መሬቱን አይተው ሆነ።

ደብረ ብርሃን ጋራዥ ወሰድነው። መካኒኩ ሥሩ ተንጋሎ ቆየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። የሚያፈሰው ትራንስፈሩ ነው አለ፤ ከካምቢዮው ኋላ ያለው፣ የሞተሩን ጉልበት ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ሳጥን።

"ጋሼ፣ የእጅ ፍሬኑም እዚሁ ሳጥን ጀርባ ላይ ነው ያለው። ዘይቱ አርሶታል። ዳገት ላይ ሲያቆሙ ይይዝልዎታል?"

"ድንጋይ እናስደግፈዋለን" አለ አባቴ። ወርጄ ድንጋዩን የማስደግፈው እኔ ነኝ።

"ቁልቁለት ሲወርዱስ ይጮኻል? ካልጮኸ ያረጀው ዘይቱን እንዳይፈስ የሚይዘው ጎሚኒ ብቻ ነው፤ ዛሬውኑ ቀይሬልዎት ይሄዳሉ። ከጮኸ ግን ውስጡ ተበልቷል፣ ሳጥኑ ራሱ መቀየር አለበት። ጥርሱ ተሰብሮ ከለቀቀ ማርሽም አይይዝልዎት፣ የእጅ ፍሬንም የለዎት። የእግር ፍሬኑ ብቻውን ደግሞ በጭነት ግሎ ይከዳዎታል።"

"ኧረ አይጮኽም! ጭጭ ያለ መኪና ነው።"

አባቴ አልዋሸም። ጆሮው ከደከመ ቆይቷል። ቅዳሴ ላይ ሰው ሲሰግድ አይቶ ነው የሚሰግደው። እሱ ግን የዛሬ ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም እያለ ያማርራል። ጭነት ይዘን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሳጥኑ ቀስ ብሎ ያላዝናል፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር በእንቅልፉ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ይሆናል። ይህን የምሰማው እኔ ነኝ።

መካኒኩ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ እህቴ?"

ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ አዩኝ። ፊቴ ጋለ። ነጠላዬን አፌ ላይ እንዳደረግኩ "ይጮኻል" አልኩ።

"ምን አለች?" አለ አባቴ።

"ይጮኻል ነው የምትለው፣ ጋሼ።"

አባቴ ሳቀ። "እሷ? ድምፅዋን ከሰማሁ ዘመን ሆነኝ፤ ዛሬ መኪናዬን ልታማ አፏን ከፈተች!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ምን ላድርግ።

መካኒኩ ራሱ ሊሞክረው ወጣና ከተማውን ዞሮ ተመለሰ። ሜዳ ላይ፣ ያውም ባዶውን፣ አይጮኽም። "እኔ አልሰማሁም" አለ እኔን እያየ። "ሳጥኑን ልቀይር ቢሉም አዲስ የለም። ያገለገለ ነው የሚገኘው፣ እሱም ዕቃ የሚመጣበት የተዘጋው መንገድ ሲከፈት። እስከዚያ መኪናው ተፈትቶ እዚህ ይቆማል።"

"የሰው ማሽላ አውድማ ላይ እየጠበቀኝ? ጎሚኒውን ቀይርልኝ!"

ተቀየረ። ማንጠባጠቡ ቆመ። ጎረቤላ ስንደርስ አባቴ ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየና "አየሽ?" አለኝ። ደረቅ ነበር።

በማግስቱ ሲሚንቶ እንደጫንን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ እንደልማዱ አቆመ፤ ድንጋዩን አስደገፍኩ። ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ቤተክርስቲያኑ አማተበ። ሁሌም ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ይወርዳል። ያን ቀን ግን ቁልፉን ይዞ ቆየ።

"ያ ነገር፣ እውነት ይጮኻል?"

"ይጮኻል አባዬ።"

"ምን?"

"ይጮኻል!" ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። በመንገዱ ዳር አህያ የሚነዱ ሴቶች ዞረው አዩን።

"እንዴት ነው የሚለው?" አለኝ፤ ጥርሴን እያፋጨሁ አሳየሁት። መዳፉን ማርሹ ላይ አድርጎ ወደ ታች፣ ወደ ቆላው ተመለከተ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጭነት እንደያዙ የሚዞሩበት ቦታ የለውም። ታች ደግሞ ቤታቸውን አፍርሰው ሲሚንቶውን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

"ስንመለስ መካኒኩን ሳጥኑን ፈልግልኝ እለዋለሁ" አለ። "እስከዚያ ከበረታ ንገሪኝ።"

ስንመለስ እንዳለው ነገረው። መካኒኩ አሁንም መንገዱ እስኪከፈት ነው የሚለን። እኛም እንወርዳለን። በየጠመዝማዛው አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል "አሁንስ?" ይለኛል፣ እኔም እየጮህኩ "እንደቅድሙ ነው!" እለዋለሁ። ድሮ ዝም ብዬ የተራራውን ጥግ አይ ነበር፤ አሁን ከዚያ ድምፅ ሌላ የምሰማው ነገር የለም።

አንዳንዴ ከትናንቱ የበረታ ይመስለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ፍርሃቴ ነው እላለሁ። ከበረታ ምን እንደምናደርግ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።