ሁለት እኩል ድንጋዮች

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ከ18 ማዞሪያ በላይ ያለው ሰፈራችን ሁሉ «እማማ ዘውዴ አታዳላም» ይላል። አላዳላም፤ እውነት ነው። ኃጢአቴም እሱው ነው።

ጥሩነሽ የግድግዳ ጎረቤቴ ነበረች። ባሏ ግርማ ሲደበድባት እኔ ቤት ብርጭቆ ይንቀጫቀጭ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት በአጣና ግራ ትከሻዋን ሰበረው። ሁለቱን ልጆቿን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣኋቸው፤ ትንሿ ልብሷ ላይ ሸንታ ነበር።

በማግስቱ ወረዳው አንዲት ወጣት ሶሻል ወርከር ላከ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ግን የሰፈሩ ሴቶች ተወካይ ስለሆንኩ አብሬያት ገባሁ። ልጅቷ ፎርሟን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ግርማ እዚያው ተቀምጦ እየሰማ፣ ጥሩነሽን «ለምን አልተለየሽውም? ልጆችሽ ይህን ሲያዩ አንቺ ምን አደረግሽ?» አለቻት። የመታውን አንድ ነገር አልጠየቀችውም። «እናት ልጆቿን መጠበቅ አልቻለችም» ብላ ጻፈችና አነበበችልን። ቤቱ ሰላም ካልሆነ ልጆቹ ማሳደጊያ ይገባሉ አለች።

ምን ማለት ነበረብኝ? «የመታው እሱ፣ ልጆቿ የሚወሰዱባት እሷ?» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዳኛ መሆን አማረኝ። «አስታርቄ፣ ቤቱ ሰላም ነው ብዬ እፈርማለሁ» አልኩ። ልጅቷ እፎይ አለች፤ ገና ሦስት ቤት ይቀራት ነበር።

ግርማ «እሷም የሞተች እናቴን ሰድባለች» አለ።

«ሰድበሻል?» አልኳት።

«ሰድቤያለሁ እማማ። አጥንቴን ሲሰብረው ልመርቀው ኖሯል?»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ድንጋይ ትሸከማላችሁ» ብዬ ፈረድኩ።

በእኛ ወግ የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ያጎነብሳል፤ የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሲል ይወርድለታል። ለአጥር ከተራገፈው ጥቁር ድንጋይ ሁለት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም እንዳያማኝ፣ እኩል እስኪሆኑ በእጄ እየመዘንኩ ለዋወጥኳቸው። ጥሩነሽ የራሷን ማንሳት አልቻለችም፤ እኔ አነሳሁላት። በማጅራቷና በተሰበረው ትከሻዋ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጥርሷ ሲፋጭ ሰማሁ። አልጮኸችም፤ ዓይኗ ልጆቿ ላይ ነበር። ግርማ ድንጋዩን ተሸክሞ ሲያጎነብስ ፈገግ አለ። አየሁት። አይቼ ጥሩነሽን «ይቅር ለእግዚአብሔር» አስባልኳት፤ ፈረምኩ።

ድንጋዮቹ በሩ ሥር ቀሩ። በአራተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግርማ አንዱን አንስቶ መንጋጋዋን ፈጨው። ሮጬ ስገባ ጥርሶቿ ምንጣፉ ላይ ተበትነዋል፤ ልጆቹ ደሟን ረግጠው ይጮኻሉ። ድንጋዩን ከእጁ ነጥቄ ግንባሩን አልኩት፤ ወደቀ። ሰፈሩ «እማማ ዘውዴ ጀግና!» አለ። ድንጋዩን ማን ወደዚያ ቤት እንዳስገባው የጠየቀ የለም፤ ፖሊስም አልጠየቀም። እኔም ምስጋናውን ተቀበልኩ። ጀግና! ልጆቿን በየትኛው ዓይኔ ልያቸው?

እሱ ታሰረ። እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ያ የፈራችው ደረሰ፤ ልጆቹ ማሳደጊያ ገቡ። ለማስመለስ ስንት ወር ደጅ ጠናች፤ በየቢሮው «ለምን አልተለየሽውም?» እየተባለች።

አሁን ከልጆቿ ጋር አስኮ ትኖራለች። በቅርቡ ሄጄ አየኋት። የላመ ካልሆነ አትበላም። በተጣመመው አፏ እየሳቀች «እማማ፣ ያን ቀን ለእኔ ቀለል ያለውን ቢመርጡልኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ድንጋይ ተሸክሜ በሯ ላይ ልቆም አስቤ ነበር። ግን ወጉን አውቀዋለሁ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። አንድ ጊዜ በግድ «ይቅር ለእግዚአብሔር» አስብያታለሁ። አልደግመውም። እናንተም ስለ እኔ እንዳትለምኗት።