ሐይቁ የተገለበጠ ሰሞን

ይሄ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከሥራ ወጥቼ መኪናዬን እንኳ ለማስነሳት አቅም ሳጣ፣ መሪው ላይ ተደግፌ ቁጭ ስል፣ ሳላስበው ትዝ ይለኛል።

የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ እንግልውድ የሚባል ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ማታ ገብቼ ጠዋት እወጣለሁ። ባለቤቴ የትልቅ መኪና ሾፌር ስለሆነ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። አባቱ፣ እኔ «አባባ» የምላቸው፣ ሚስታቸው ሲሞቱ ከዝዋይ መጥተው እዚያው አጠገብ ኦሮራ ከተማ ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። ያን ሰሞን ታዲያ ምግብ እምቢ አሉ። ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ «ይብቃኝ ልጄ»። ሐኪሙ ክብደታቸውን አይቶ «በዚህ ከቀጠሉ ሆስፒታል ይተኛሉ» አለኝ። ሌሊቱን የሰው አባት ሳጎርስ አድሬ ስገባ የራሴው አማት አፋቸውን ይዘጉብኛል።

ይባስ ብሎ የጽጌ ጾም ገባ። «የፈቃድ ጾም ነው፣ ይቅርብዎ» ብላቸው፣ «ከልጅነቴ የጾምኩትን አሜሪካ መጥቼ ልተወው?» አሉ። ዓሣ ግን እበላለሁ አሉኝ። ዓሣ ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ልተወው፤ እኔ ደስ ብሎኝ ሃቫና ስትሪት ካለው ገበያ ሄጄ ገዛሁ። አባባ የዓሣውን ጉንጭ ገለጥ አድርገው አሸተቱና፣

«ይሄማ ተዝካሩም ወጥቷል» አሉ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከውሃ ሲወጣ ያየሁትን እበላለሁ።»

አንድ ጠዋት ከሥራ እንደወጣሁ፣ ሳልተኛ፣ የባለቤቴን የዓሣ ዘንግ ጭኜ ከኦሮራ ወጣ ብሎ ወዳለው ሐይቅ ወሰድኳቸው። የማጥመጃ ፈቃዱን፣ ላይሰንሱንም በስልኬ አወጣሁ።

ፓርክ አድርጌ ስንወርድ ሐይቁ ይሸታል፤ የተበላሸ እንቁላል ዓይነት ሽታ። ውሃውም ደፍርሷል፤ ዳር ላይ ያለው ድንጋይ እንኳ አይታይም። ትል ሰክቼ ወረወርኩ። ምንም። ደግሜ ወረወርኩ። ምንም። ከድካሜ የተነሳ ዘንጉን ይዤ በቁሜ ዓይኔ ይከደናል።

ከእኛ ራቅ ብሎ እስከ ደረቱ የሚደርስ የጎማ ሱሪ የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ ፈረንጅ ውሃው ውስጥ ቆሟል። እሱ ይይዛል። ጠጋ ብዬ ምስጢሩን ጠየቅኩት። ሳይሰለች አስረዳኝ። ሰመሩን ሙሉ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ሞቃቱ ውሃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ሆኖ ይከርማል። አሁን የላዩ ሲበርድ ይከብድና ይወርዳል፣ የታችኛው ሽታውን ይዞ ይወጣል፤ ሐይቁ ተገለበጠ ማለት ነው። ዓሦቹም ይበተናሉ። እሱ የቆመበት ቦታ ግን ወለሉ እንደ በረንዳ ሜዳ ሆኖ ይሄድና ድንገት ገደል ይሆናል። የሚይዘው ከዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

አባባ ተከትለውኝ መጥተው ዳር ላይ ቆመዋል። ገና ሳልተረጉምላቸው ሰውዬው ትራውት የሚሉትን ትልቅ ዓሣ አወጣ። «ተመስገን!» አሉ አባባ። እሱ መንጠቆውን ነቅሎ ዓሣውን ቀስ ብሎ ውሃው ውስጥ ለቀቀው። እዚህ አገር ይዞ መልቀቅ ጨዋታ ነው። አባባ ይህን በምን ይወቁት?

«ኧረ አመለጠው! ያዘው! ያዘው!»

ከነጫማቸው ገቡ። ዝዋይ ዳር ያደጉ ሰው ናቸው፣ ውሃ አይፈሩም። «አባባ ይመለሱ! ገደል አለው!» ብዬ ጮህኩ። ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ውሃውን ሲያፍሱ መሬቱ ከሥራቸው ከዳቸው። ባርኔጣቸው ብቻ ተንሳፍፎ ቀረ።

ሰውዬው ዘንጉን ጥሎ ተወረወረና እጁን ወደ ታች ሰዶ የካፖርታቸውን ኮሌታ ያዘ። ጎትቶ ሲያወጣቸው ይስላሉ። መሳላቸውን ስሰማ ሮጬ ክንዳቸውን ደገፍኩ።

መኪና ውስጥ አስገብተን ሂተሩን ለቀቅኩ፣ እርጥቡን አውልቄ ጃኬቴን አለበስኳቸው። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ሰውዬው ከመኪናው ፔርሙዝ አምጥቶ በክዳኑ ትኩስ ሾርባ ቀዳላቸው። ፉት ሲሉት ሽታው ወደ እኔ መጣ።

«አባባ፣ ዶሮ አለበት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ጠየቀሽ?»

ጨለጡና ክዳኑን ዘረጉለት። ሞላላቸው። ያንንም ጨርሰው ከሥሩ የቀረውን ሥጋ በጣታቸው ዝቀው በሉ።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ሰውዬው ዓሣውን የለቀቀው አምልጦት ሳይሆን ፈልጎ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«መጀመሪያ የያዘው ምን በድሎት ነው?» አሉ።

ተርጉሜ ስነግረው ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። «እግዚአብሔር ይስጥህ በይልኝ» አሉኝ አባባ። አልኩላቸው። ግራ ከመጋባቴ የተነሳ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ሄደ።

ዓሣ ሳንይዝ ተመለስን። መንገድ ላይ አባባ በመስኮቱ እያዩ፣ «ቤት ምን አለ?» አሉ።

«የምን?»

«የሚበላ ነዋ!»

መንዳት አቃተኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም አባባ፣ ደክሞኝ ነው።»

ዛሬም ድካሙ አልለቀቀኝም። አባባም ሆስፒታል አልተኙም እንጂ አንዳንድ ቀን ሁለት ጉርሻ ላይ ያቆማሉ። እንደ ድሮው ግን አልለማመጣቸውም። ሳህኑን ሳላነሳ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። ትንሽ ቆይቶ እጃቸው ራሱ ወደ ሳህኑ ይመጣል። የማይመጣበትም ቀን አለ፤ ያኔም ቁጭ እላለሁ።