ማን እንዳይደርሳችሁ ትፈልጋላችሁ?

ጨዋታው ሦስት ስም አለው። ደብዳቤ ላይ ሲጻፍ «የገና ጨዋታ» ነው። ከአርሲ በኩል የሚመጡ ሽማግሌዎች ቂሌ ይሉታል። ልጆቹ ደግሞ የፈረንጆቹን በስልክ አይተው ሆኪ ብለውት ቀሩ፤ በኦሮምኛ ሆኮ ጫፉ የተቆለመመ በትር ስለሆነ ቃሉ ማንንም አልከበደውም። በትሩ ያው ነው፣ ከእንጨት የተጠረበችው ሩርም ያቺው ናት። ሩሯን እየመቱ ከተጋጣሚ ጀርባ ያለውን መስመር ማሳለፍ፣ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ጨዋታው ራሱ ያን ያህል አይስበኝም። የሳበኝ ማን ከማን ይጫወት የሚለው ነገር ነው።

አምና አዳማ ላይ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ታዳጊ ሴቶች ተጋጠሙ። ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ። ዕጣው የወጣው እንደ ወጉ ከኮፍያ ውስጥ ነው። ለወለንጪቲ ሻሸመኔ ደረሰው፣ በኋላ ዋንጫውን የወሰደው ሻሸመኔ። ወለንጪቲዎች ተሸንፈው ረፋዱ ላይ ሚኒባስ ሲሳፈሩ የቋጠሩትን ምሳ እንኳ አልፈቱትም ነበር። አሰልጣኛቸው የስፖርት መምህርት ናት፤ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላት። በሩ ላይ «በቃ ከርሞ እንገናኝ» ስላት እንዲህ አለችኝ፦

«አባቶቻቸውን እንዴት እንደለመንኩ ብታዪ! ‹ሴት ልጅ ዱላ ይዛ አዳማ ምን ትሠራለች?› የማይለኝ የለም። ይኸው ለአንዲት ጨዋታ አመጣኋቸው። ከርሞም እንዲህ ከሆነ አይለቁልኝም። ቡድኑም ያኔ አለቀለት።»

ሚኒባሱ ሄደ። እኔ ቀጥታ ወደ አዘጋጁ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ዕጣው የወጣበትም ኮፍያ የእሳቸው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ዕጣ ደደብ ነው» አልኳቸው።

«ተይ እንጂ! ዕጣ የእግዜር ነው። ዕጣ አያዳላም።»

«አያዳላም፤ ግን አያስብምም።»

«ስሚ ልጄ፣ ሰው እጁን ያስገባበት እንደሆነ ‹ለዘመዱ አደላ› ይባላል። ዕጣ ሲሆን ግን የሚሰድቡት ሰው የለም። ቀና ብለው ሰማይ ሰማዩን አይተው ይሄዳሉ።»

ይቺ ንግግራቸው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። እውነት አላቸው እኮ። ግን እንግዲያው ዕጣ የሚጠቅመው ተጫዋቹን ነው ወይስ አዘጋጁን? ይህንኑ ጠየቅኳቸው። «ከርሞ እንግዲህ አንቺው ደልድይ፣ እናይሻለን» አሉኝ፤ አፌን ለማዘጋት ይመስለኛል። እኔ አስራ ሁለተኛ ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ እዚሁ አዳማ ወጣት ማዕከል ውስጥ ከዚህም ከዚያም እላላካለሁ፤ ቁጭ ማለት ደግሞ አይሆንልኝም። እሺ አልኩ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጠንካሮቹን ማራራቅ፣ እርስ በርስ የሚገናኙት መጨረሻ ላይ እንዲሆን። ግን ጠንካራው ማነው? አምና ማን ምን ሆነ ብዬ ማስታወስ ጀመርኩና ወዲያው ግድግዳ ገጨሁ። ጥሎ ማለፍ አንደኛውን ብቻ ነው የሚነግረን። በመጀመሪያው ጨዋታ በሻሸመኔ የተሸነፈ ቡድን ሁለተኛ ይሁን መጨረሻ በምን ይታወቃል?

ራሳቸውን ልጠይቅ ብዬ ለአሰልጣኞቹ ደወልኩ። የመቂው አነሳ።

«ቡድናችሁ ዘንድሮ እንዴት ነው?»

«ኧረ እኛማ ለተሳትፎ ነው የምንመጣው።»

ባቱ፦ «ልጆቹ ገና ናቸው፣ ልምድ ለመቅሰም ነው።» «የገና ልጆች ገና ካልሆኑ ምን ይሁኑ?» አልኩት፤ አልሳቀም። ዋንጫው ቢሮው ውስጥ የተቀመጠው የሻሸመኔው አሰልጣኝ ደግሞ «አጋጣሚ ነው እህቴ፣ ዘንድሮማ ግማሾቹን ጉንፋን ይዞብኛል» አለኝ። ውድድሩ ከወር በኋላ ነው! ምን ዓይነት ጉንፋን ነው ቀጠሮ የሚይዘው?

በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የጥያቄው ነው። እናትን «ልጅሽ እንዴት ወፈረ!» ብትላት «ኧረ እህል አይበላልኝም» ነው የምትልህ። ዓይን አለ፣ ይሉኝታ አለ፣ ተንኮልም አለ። ማንም ሰው አፉን ሞልቶ ጠንካራ ነኝ አይልም። በስልክ እንደሰማሁት ከሆነ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንድም ጎበዝ ቡድን የለም ማለት ነው።

ማታ እቤት ይህን ሳማርር ታናሽ እህቴ ሰማችኝ። የአዳማ ተከላካይ ናት። የጎረሰችውን ሳትውጥ «እኛማ ማንም ይድረሰን፣ ብቻ ሻሸመኔ አይድረሰን» አለች።

እንዴ! ማን ነኝ ብሎ የማይናገር ሰው፣ ማንን እንደሚፈራ ሳይጠየቅ ይናገራል ለካ።

በማግስቱ ለሁሉም እንደገና ደወልኩ። «በመጀመሪያው ጨዋታ ማን እንዳይደርሳችሁ ትፈልጋላችሁ?» ብቻ ነው ያልኳቸው። መቂ ያን ሁሉ ትሕትና ጣለው፦ «እውነቱን ልንገርሽ? ሻሸመኔ። ወለንጪቲም ባይደርሰን ደስ ይለኛል።» ወለንጪቲ? ባቱም ሁለቱን ጠራ። መጨረሻ ለሻሸመኔው ደወልኩ። የቢሮውን በር ሲዘጋ ሰማሁት።

«ወለንጪቲ» አለ። «ለማንም እንዳትነግሪ።»

«አምና አሸነፋችኋቸው እኮ!»

«እንዴት እንዳሸነፍናቸው እኛ ነን የምናውቀው። እነሱ የሚለማመዱት ጠጠር ላይ ነው። ሩሯ ወዴት እንደምትነጥር ቀድመው ያውቃሉ። ሰዓቱ ባያልቅ ኖሮ በልተውን ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁት። ዓመቱን ሙሉ ለወለንጪቲዎች ሳዝን ነበር። በልቤ «ለነሱ ደካማ እሰጣቸዋለሁ» ብዬ እንደ ምጽዋት አዘጋጅቼላቸው ነበር። ለካ ምጽዋት አይደለም የሚያስፈልጋቸው። ጠንካራ ናቸው ብሎ የሚቆጥራቸው ሰው ነው ያጡት።

ሌላም ነገር ነበር። አዳማን ማንም አልጠራም። አላመንኩም፤ መቂ ጋ መልሼ ደውዬ «አዳማስ?» አልኩት።

«አዳማ? አዳማ ቢደርሰንማ ሰርግ ነው!» ብሎ ሳቀ።

ባወጣሁት ደንብ በጣም የሚፈራው ቡድን መጀመሪያ የሚገጥመው ማንም ከማይፈራው ጋር ነው። ሻሸመኔ ከአዳማ፣ ማለትም ከእህቴ ጋር። ከዚህ ለማምለጥ ወደ ኮፍያው መመለስ ነበረብኝ፤ ኮፍያው ደግሞ ወለንጪቲዎችን እንደ አምናው ረፋዱ ላይ ሊሸኛቸው ይችላል። ቲቸርን አስታወስኩ። እንዳወጣሁት ተውኩት።

ጋሼ ድልድሉን ካዩ በኋላ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ።

«እህትሽ ለአዳማ አይደለም እንዴ የምትጫወተው?»

«ነው።»

«ነግረሻታል?»

«አልነገርኳትም።»

«ጉድሽ ፈላ!» አሉና ኮፍያቸውን ከጠረጴዛው አንስተው ራሳቸው ላይ ደፉት።

እህቴ ስትሰማ «አንቺ እኮ ጠላት ነሽ! ጎረቤት ቢደለድለን ይሻል ነበር!» አለች። እኔም «በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም» አልኳት።

«ጌታ አይቆጣ ይሆናል። እኔ ግን ተቆጥቻለሁ።»

የውድድሩ ቀን የአዳማ ንፋስ አቧራውን ሜዳው ላይ ያዞረው ጀመር። አዳማ ተሸነፈ። እንደፈራሁት አልተዋረዱም፤ እህቴ በጉልበቷ አቧራ ላይ እየተንሸራተተች ሩሯን ስትነጥቅ የሻሸመኔው አሰልጣኝ ሲራገም ሰምቻለሁ። ቢሆንም ተሸነፉ። ስትወጣ ፊቷ በላብና በአቧራ ጭቃ ሆኖ እንደ ግንድ ቆጥራኝ በአጠገቤ አልፋ ሄደች።

ወለንጪቲዎች ጠዋት አሸነፉ። ምሳቸውን ዛፍ ሥር ፈተው በሉ። ከሰዓት መቂን ገጥመው ደግመው አሸነፉ፤ ፍጻሜው በማግስቱ ነው። ቲቸር ስልኳን ከጆሮዋ አጣብቃ ንፋሱን ለማሸነፍ ስትጮህ አገኘኋት፦ «ሀርአ ሂን ገለን! ቦሩ ተጰቱ!» ዛሬ አይመለሱም፣ ነገ ይጫወታሉ ማለቷ ነው። ከወዲያ ያለው የአንዷ አባት ነው። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ እሷ ግን ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች።

«ሜዳው በየት በኩል ነው፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ ይለኛል። ‹ዱላ ይዛ› ሲል የነበረው ሰውዬ እኮ ነው!»

በማግስቱ በሻሸመኔ ተሸነፉ። ሰውዬው ግን መጥቶ መስመሩ ላይ ቆሞ በሁለት ቋንቋ ዳኛውን ሲሰድብ ዋለ። ቲቸር ስትሰናበተኝ አባቶቹ ይለቁልኝ ይሆን ብላ አልተጨነቀችም፤ «ለከርሞ ጠንከር ያለ በትር የሚጠርብ ሰው ፈልጊልኝ» ብቻ አለችኝ።

ጋሼ ደስ ቢላቸውም ዝም ብለው አላለፉኝም። «ይቺ ጥያቄሽ ከርሞ አትሠራም» አሉኝ። «ብልሃቱን አውቀውታል። የማይፈሩትን ነው እንፈራለን የሚሉሽ።» ልክ ናቸው። ሰው ጥያቄው ምን እንደሚያመጣበት ካወቀ በኋላ እንዴት ነው እውነቱን የሚያወጣው? ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥም፣ ልብስ ሳሰጣም ይሄው ነው የሚመጣብኝ።

እህቴ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ጫማዋን ስታጥብ ደረስኩባት። በትሯ ከአጠገቧ ግድግዳ ተደግፏል፤ ጫፉን በአዲስ ጠፍር ጠምጥማዋለች። ልሞክራት ብዬ ጠየቅኳት።

«ከርሞ ማን እንዳይደርሳችሁ ትፈልጋላችሁ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ አንገቷን ሰበር አድርጋ እንደ መቂው አሰልጣኝ፦

«ኧረ እኛማ» አለች፣ «ለተሳትፎ ነው የምንመጣው።»