በሩን አትቀርቅሩት

መጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ቢሯችን ውስጥ፣ የወሩን ሪፖርት እየጻፍሁ ነበር። ማን ምን አቃጠለ ብዬ ቀና ስል የግራ አውራ ጣቴ ብቻውን ይዘላል። በቀኝ እጄ ጨብጬ ያዝሁት። ክንዴንም ይዞ ይዘል ጀመር። «በስመ አብ» አልሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የማውቀው ከሰው ሰምቼ ነው።

ወደቅሁ። ጭንቅላቴ ሲሚንቶውን ደበደበ። ከአፌ አረፋና ደም ወጣ። አረፋው ይጋባል ብለው ባልደረቦቼ ግድግዳው ላይ ተለጠፉ። የሒሳብ ሠራተኛው ሀብታሙ ብቻ ቀረበና ክብሪት ጭሮ አፍንጫዬ ሥር ያዘ። ስነቃ ከንፈሬ ተቃጥሏል፤ ቀሚሴ ርሷል። ከቃጠሎው ይልቅ የቀሚሴ ነገር አንገበገበኝ።

ባሕር ዳር ተልኬ ኢኢጂ የሚሉትን የአንጎል ምርመራ ተነሣሁ። ኤፒሌፕሲ፣ የሚጥል በሽታ ነው ተባልሁ፤ ካርባማዜፒን የሚባል ክኒን ጀመርሁ። ሥራ አስኪያጃችን «ላፕቶፑን ይዘሽ ከቤትሽ ሥሪ፤ ኢንተርኔት እስካለ ምን ቸገረን» አሉኝ። እግዚአብሔር የሰጠኝ መሸሸጊያ መሰለኝ። አገሬ ባሌ ጎባ ነው፣ እዚህ ዘመድ የለኝም፤ ሲጥለኝ ማንም እንዳያየኝ የተከራየሁትን ክፍል ከውስጥ ቀርቅሬ እሠራ ጀመር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ያው ጎማ ሸተተኝ።

የአልጋውን ብረት መታሁ። ትከሻዬ ወለቀ። ምላሴን ነከስሁ። እግሬ የቆርቆሮውን በር ይደበድባል። አከራዬ እትዬ ዘውዴ «ክፈቺ አንቺ ልጅ! ምንድን ነው የምትሰብሪው?» እያሉ ተጣሩ። መቀርቀሪያውን በመጥረቢያ ሰብረው በሩን ሲገፉት ጭንቅላቴን ፈነከተኝ። ፊቴ ጠቁሮ ነበር። በራሴ ደም እየታነቅሁ ነበር። ደሙ ይፍሰስላት ብለው በጎኔ አስተኙኝ። ያ አዳነኝ።

ሐኪም ቤት ተወስጄ፣ ሐኪሙ ትከሻዬን ከመለሰ በኋላ «ማን ነው ብቻሽን ዘግተሽ ተቀመጪ ያለሽ?» አለኝ።

«ቢሮው ከቤት እንድሠራ ፈቅዶልኝ ነው።»

«ደግ አደረገ። አንቺ ግን ስትወድቂ ሰው ያስፈልግሻል። ወደ ቢሮሽ ተመለሺ።»

«ጠበልስ፣ ዶክተር?»

«ተጠመቂ፤ ብቻሽን አይሁን እንጂ። ክኒኑንም እንዳታቋርጪ።»

ክንዴ በአንገቴ ታስሮ ወደ ቢሮ የተመለስሁ ዕለት ደጃፉ ላይ ብዙ ቆሜአለሁ፤ እነዚያን ሰዎች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብዬ። ሀብታሙ አየኝና «መጣሽ? ያንቺን ክብሪት በኪሴ ይዤ ስዞር እኮ አገሩ ሁሉ ሲጋራ ጀመረ ብሎ አማኝ» እያለ አውጥቶ አሳየኝ። ሳቅሁ።

«ሀብትሽ፣ ከንፈሬን አቃጠለው እንጂ አላነቃኝም።»

ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

እትዬ ዘውዴ ያደረጉትን ነገርሁት፤ ሌሎቹም ወንበራቸውን አስጠግተው ሰሙ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያው ሲጥለኝ ሀብታሙ ሹራቡን ራሴ ሥር አንጥፎ፣ በጎኔ አስተኝቶ፣ እስኪለቀኝ አጠገቤ ተቀምጧል። ስነቃ ቀሚሴ ላይ የአንዷ ባልደረባዬ ነጠላ ተጥሎ ነበር። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ ተስተካክሎልኝ፣ ተመስገን፣ ሳይጥለኝ ከርሜአለሁ። ይህ ሕመም ያለባችሁ ወገኖቼ፣ ከቤት ብትሠሩም ሰው ካለበት ቤት ይሁን፤ በሩን አትቀርቅሩት። ክኒናችሁን ሳታጓድሉ ዋጡ። አጠገባችሁ ላሉት ሳትወድቁ በፊት ንገሯቸው፦ በጎን ያስተኟችሁ፣ አፋችሁ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ ክብሪት አይጫሩ።

የሀብታሙ ክብሪት አሁን እኔ ዘንድ ነው። እሑድ እሑድ ጧፌን አበራበታለሁ፤ ከጎባዎቹ ወላጆቼ አስከትዬም የእሱንና የእትዬ ዘውዴን ስም በጸሎቴ እጠራለሁ።